ስሙን የሰጠ ሸማኔ

ሸሪፍ እያሉ የሚጠሩት ሰው ስሙ ሸሪፍ አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት ስም አብዱልሀሚድ ነው። ግን ከዓሊዩ አምባ ተነሥታችሁ፣ የአንኮበርን አቀበት ወጥታችሁ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ገብታችሁ «አብዱልሀሚድ የሚባል ሸማኔ ታውቃላችሁ?» ብትሉ የሚያውቅ አታገኙም። «ሸሪፍ» ያላችሁ እንደሆነ ግን አንዱ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጥጉን ያሳያችኋል። ከጥለቱ ሥር አንዲት አረንጓዴ ክር ብቅ ብላ ጥቂት ትሄድና ትጠፋለች። እሷ ካለች ጋቢው የሸሪፍ ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለም፣ ክርክር የለም።

እውነተኛው ሸሪፍማ ከሞተ ቆይቷል፤ አላህ ይዘንለት። ቁጡ ሽማግሌ ነበር፤ ሳሉን ሲሰሙ ልጆቹ እንኳ ይበተኑ ነበር። ሲያረጅ ስሙን ለልጆቹ ያወርሳል ሲባል «ስም የደም አይደለም፣ የእጅ ነው» ብሎ ለተማሪው ለአብዱልሀሚድ ሰጠው። ሰጠው ስላችሁ ደግሞ እንዲያው እንደዋዛ አይደለም፤ ሽማግሌው ሕግ አበጅቶለታል። ስሙን የሚሰጥ ሰው በዚያው ቀን በሽመና ጉድጓዱ ላይ የተዘረጋውን ድር በሰው ፊት ይቆርጣል። ከዚያ ወዲያ መወርወሪያ አይጨብጥም፤ አንድ ስም በሁለት ጉድጓድ አይሸመንማ! ዓመት እስኪዞር ድረስም የተቀባዩ ዋስ ነው። ጋቢው ቢሳሳ ወይም ቢተረተር ገዢው የሚይዘው ሰጪውን ነው፤ ሰጪውም ከተበላሸው የተሻለ ጋቢ ይተካል። ሸማኔ እያለ የሚሳደብ ሁሉ ይህን ይስማ! ለገዛ ስሙ እንዲህ የሚጠነቀቅ ስንት ጨዋ አለ?

አብዱልሀሚድ በጉርምስናው የተቀበለውን ስም ጢሙ እስኪሸብት ድረስ ሳያስነቅፍ ያዘው። በገዛ ስሙ የምትጠራው ሚስቱ ኡሙሀኒ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ክንዱ ገና ብርቱ ነው፤ ዓይኑም ቀጭን ክር ይለያል። ስለዚህ ስሙን ለማንም የመስጠት ሐሳብ አልነበረውም። «አላህ ካለ መወርወሪያዬን እንደጨበጥኩ ነው የምሞተው» ይል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሸማኔው ሁሉ በማኅበር ተደራጅቷል፤ ማኅበሩ ያላየው የአባል ጋቢ ገበያ አይወጣም። ጎልማሳው ለውትድርና እየተለቀመ ወደ ሰሜን ይላካል። በዓሊዩ አምባ ባለቤቱን አጥቶ አቧራ የለበሰው የሽመና ጉድጓድ ብዙ ነው።

አንድ የገበያ ቀን አብዱልሀሚድ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢውን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ዘርአ ዳዊት መጣ። ዘርአ ዳዊት የሰላ ድንጋይ በግ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከበጎቹ ሁሉ ይበልጣል። እሱ ያመሰገነው ዕቃ ይሸጣል፣ እሱ ያማው ዕቃ ባለቤቱ ላይ ይቀራል።

«ሸሪፍ ወንድሜ፣ ዘንድሮ ምን ነካህ?» አለ ገና ሳይቀርብ።

«ምነው? ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህናማ ነው! እጅህ ወደ ጉርምስናው ተመለሰ ወይ ልልህ ነው። ይህን ያህል ዘመን ስለብስህ እንዲህ ያለ ጋቢ ሠርተህ አታውቅም» አለና የለበሰውን አውልቆ ጭኑ ላይ ጣለለት።

አብዱልሀሚድ ጥጉን አየ። አረንጓዴዋ ክር በቦታዋ ናት። ጋቢው ግን የእሱ አይደለም። ሸማኔ የገዛ ሥራውን አያጣውም፤ ይህን እሱ አልሠራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ገበያው ሁሉ የሚያወራለትን የገዛ ጋቢውን ወሬ መጨረሻ የሰማው እሱ ሆነ። በመጀመሪያ ደሙ ፈላ። ማን ነው የደፈረኝ አለ በሆዱ። ከዚያ ጋቢውን በጣቱ ዳበሰው፤ ማጉ ጥብቅ፣ ዳሩ ቀጥ ያለ፣ አንድም ቦታ አልሳሳም። ንዴቱ ሳይወጣለት ሌላ የባሰ ነገር መጣበት። ጋቢው ከእሱ ጋቢ ይሻላል።

«ማን ነው የሸጠልህ?»

«አንዲት ሎሚ የምትሸጥ የቆላ ሴት ናት። ሸሪፍ ልኮኝ ነው አለች። ምነው፣ አልላክሃትም?»

አብዱልሀሚድ ላክኋት ብሎ አይዋሽ ነገር፣ አልላክኋትም ብሎ በገበያ መሐል ሴቲቱን አያስይዝ ነገር፣ ጨነቀው። «ይህን ለእኔ ተውልኝና አዲሱን ውሰድ» አለው። ዘርአ ዳዊት ግራ እየገባው ለወጠው። «የተሻለውን ሰጥቼ ያነሰውን ስወስድ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» እያለም ሄደ። ያቺ ቃል አቀበት ቁልቁለቱን ሁሉ አብዱልሀሚድን ስትወጋው መጣች።

ቤት ሲደርስ ምንም ሳይናገር ጋቢውን ለኡሙሀኒ ሰጣት። ኡሙሀኒ ፈታይ ናት፤ የባሏ ድርም ማግም ከእሷ እንዝርት የወጣ ነው። ፈታይ ደግሞ የሰው ፈትል እንደ ሰው ፊት ታውቃለች። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይህማ የሰሊሃ ፈትል ነው» አለች።

«የዓብዱ ሚስት?»

«እሷው ናት እንጂ! ሙሽራ ሆና ስትመጣ እንዝርት ያስያዝኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? ክሩን ስትጨርስ ጠበቅ የማድረግ አመል አላት፤ ብነግራት ብነግራት አልተወችም። ግን ለማን ትፈትላለች? ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ለማንም ሸማኔ ስትሰጥ አላየሁም» አለች። ከዚያ አረንጓዴዋን ክር አየቻት። «ያንተ ምልክት! አንተ ሳትሠራው! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው አሉ።»

ዓብዱ ወጣት ሸማኔ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አለም ሞተም የሚል ወሬ የለም። ሰሊሃ ከምታጠባት ሴት ልጇ ጋር ቀርታለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብዱልሀሚድ ያን ሸማኔ ለመፈለግ ዛሬ አልወጣም ብሎ ቀረ። በገበያ ቀን ሸማኔው ሁሉ ደጋ ስለሚወጣ መንደሩ ጭጭ ይላል። ትንሽ እንደ ቆየ ግን ከታች በኩል ሽመና ሲመታ ሰማ። ሸማኔ የጓደኛውን የሽመና አመታት ከሩቅ ይለያል፤ ይህን አመታት ግን አያውቀውም። ድምፁን ተከትሎ ሲወርድ ከዓብዱ ቤት ነው።  ዓብዱ መጥቷል ብሎ በዚያ ዕድሜው ሮጠ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ዓብዱ! መጣህ እንዴ ዓብዱ?» እያለ ገባ።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው ሰሊሃ ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። መወርወሪያው ከእጇ ወደቀ።

«ዓብዱ አልመጣም፣ አባባ» አለች።

 ንዴቱን ይዞ የሰነበተ ሰው አሁን ንዴቱ የት እንደ ገባ አያውቅም። ሴት ሽመና ጉድጓድ ስትገባ በዓሊዩ አምባ አልታየም፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ በቃ። ጋቢውን የሠራ ወንድ ሲፈልግ ሰንብቶ ያገኘው እሷን ነው።

«ማን አስተማረሽ?» አለ።

«ማንም። ዓብዱ ሲሸምን የማጉን ክር በቀሰም እያጠነጠንኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ዓይኔ ነው የተማረው። እሱ ሲሄድ እጄም ይሞክር አልኩ።»

«የኔን ክር ለምን አስገባሽበት?»

ሰሊሃ አንገቷን ደፋች። «መጀመሪያ እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ይዤ ወጥቼ ነበር፣ አባባ። ሳቁብኝ። ሴት የሸመነችው ከብርድ አያስጥልም አሉኝ። በሌላው ገበያ የእርስዎን ክር አስገብቼ፣ ከሎሚዬ ጋር ከእርስዎ ርቄ ተቀምጬ፣ ሸሪፍ ልኮኝ ነው አልኩ። ያ የሳቀብኝ ሰውዬ ራሱ ገዛኝ።»

«ዋሽተሻል።»

«ዋሽቻለሁ። ወላሂ በእርስዎ ፊት ባለፍኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር። ይክሰሱኝ።»

አብዱልሀሚድ አልከሰሰም፣ ይቅር አልኩሽም አላለም። የወደቀውን መወርወሪያ አንሥቶ ሰጣትና ወጣ።

እሱ ዝም ቢል ማኅበሩ ዝም አላለም። ሊቀ መንበሩ ብርሃነ መስቀል ልኮ አስጠራው። ብርሃነ መስቀል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላዩ ያሉትን ይፈራ ነበር እንጂ። በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን አለ?

«ጋሽ ሸሪፍ፣ እኔ አከብርዎታለሁ» አለ። «ግን ደብረ ብርሃን ያለው የሸሪፍ ጋቢ ለማኅበሩ ካሳዩት በቁጥር ይበልጣል። ይህን ያየ ሰው ወደ ላይ ተናግሯል። ደብቀው የሚሸጡ እርስዎ ከሆኑ አሻጥር ነው። ስምዎን የሚሰርቅ ሌላ ሰው ካለ እሱ ሌባ ነው፤ ይንገሩኝና እሱን ላስይዝ። ከሁለት አንዱን ሳልጽፍ አይለቁኝም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከሚመጣው ስብሰባ።»

አብዱልሀሚድ እየተከዘ ወጣ። የእኔ ነው ቢል ውሸት ነው፤ በሐሰት ወላሂ ብሎ አያውቅም፣ ደግሞም ወህኒ አለበት። የሰሊሃ ነው ቢል እሷ ትታሰራለች፤ ያቺ ሕፃን ምን ትሆናለች? ዓብዱ አንድ ቀን ቢመጣስ ምን ብሎ ፊቱን ያየዋል? እያሰበ ሲሄድ የሽማግሌው የሸሪፍ ቃል መጣበት፤ ስም የእጅ ነው። ስሙ የሰሊሃ ከሆነ የተሰረቀ ስም የለም። ባለቤት የገዛ ስሙን አይሰርቅም። እዚያው መንገድ ላይ ቆመ፤ ዋጋው መወርወሪያውን መተው እንደ ሆነ አውቆታል።

ለኡሙሀኒ ሲነግራት እንዝርቷን ወረወረች።

«አብዱልሀሚድ! አብደሃል? ሰው ስሙን የሰረቀውን ይከሳል እንጂ መርቆ ይሰጠዋል? ያንን ስም ያቆመው ያንተ መወርወሪያ ብቻ መሰለህ? ይህን ሁሉ ዘመን ጣቴ እስኪቆረፍድ የፈተልኩት ለማን ነው? እሷ የራሷን ትፈትላለች፣ የራሷን ትሸምናለች። አንተ ከጉድጓድህ ስትወጣ እኔስ የት ልግባ?»

«እውነትሽን ነው» አለ። «ስሙ የሁለታችን ነው። አልሰጥም ካልሽ አልሰጥም፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

«መላ! ሄጄ ልኳን ሳልነግራት ብቀር ኡሙሀኒ አትበሉኝ!» ብላ ነጠላዋን መንጭቃ ወጣች።

አብዱልሀሚድ ደጃፍ ተቀምጦ ጩኸት ሲጠብቅ ጩኸት የለም። ኡሙሀኒ ቆይታ ቆይታ ተመለሰች። የወረወረችውን እንዝርት አንሥታ አጠገቡ ተቀመጠች። 

«እግሯ አይደርስም» አለች።

«ምን?»

«ጉድጓዱ በዓብዱ ቁመት የተቆፈረ ነው። ለእሷ ጥልቅ ነው። እግሯ መርገጫው ላይ ስለማይደርስ እንጨት አስራበታለች። እንጨቱ እግሯን ልጦታል። ልሳደብ ገብቼ ቁስሏን ቅቤ ቀብቼላት መጣሁ።» ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «በዚያ እግር ነው ካንተ የተሻለ የሸመነችው። ስጣት። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ስጣት።»

በስብሰባው ዕለት ጠዋት አብዱልሀሚድ ሦስት አራት ሽማግሌ ሸማኔዎችን ቤቱ ጠራ። ሰሊሃም ልጇን አዝላ መጣች፤ የተጠራችበትን ስትሰማ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈች። ገብረአብ የሚባል ከአንኮበር የወረደ ሸማኔ «ኧረ ተው ሸሪፍ፣ ሴት ከሽመና ጉድጓድ! ሰው ምን ይለናል?» ብሎ አጉረመረመ። አብዱልሀሚድ ያን ከዘርአ ዳዊት የለወጠውን ጋቢ አቀበለው። ገብረአብ ዳበሰው፣ ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን ያዘው። ከዚያ ለአጠገቡ ሰው አቀበለ።

ጉድጓዱ ላይ የተዘረጋው ድር የኡሙሀኒ ምርጥ ፈትል ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው። ጋቢው እኩሌታው ተሸምኗል። አብዱልሀሚድ ቢላዋውን አንሥቶ «ቢስሚላህ» አለ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። ሸማኔ ድር ሲበጠስ እንኳ ሆዱ ይባባል፤ ጤነኛ ድር መቁረጥ ማለትማ ጤነኛ ላም ማረድ ነው። ሁለተኛ ሞከረ፣ አሁንም እንቢ። ኡሙሀኒ ብድግ አለች። እጇን በእጁ ላይ ጫነችና አብረው ቆረጡት። ድሩ ተርገብግቦ ወደቀ።

«ሸሪፍ ሰሊሃ ናት» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ አብዱልሀሚድ ነኝ። ዓመት እስኪዞር ዋሷ ነኝ። እስከ ዛሬ በስሙ የሠራችውንም ምሬያለሁ፤ አላህ ይማራት።»

ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። ሰሊሃ እግሩ ሥር ልትወድቅ ስትል «ተነሽ፣ ሥራ አለብሽ» ብሎ ቆጣት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲመርቅም ይቆጣል።

ብርሃነ መስቀል ስብሰባውን ከፍቶ ገና ሳይጠይቅ አብዱልሀሚድ ተነሣ። «የጠየቅኸኝ ጋቢ የሰሊሃ ሥራ ነው። ስሙም የእሷ ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

እንግዲህ ያን ጊዜ «ከዓምና ጀምሮ» ቢል ማን ያውቅበታል? ነገሩ እዚያው ይቆረጥ ነበር። እሱ ግን አብዱልሀሚድ ነው።

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። በፊት የሠራችውን ሳልፈቅድላት ነው የሠራችው፤ ተበዳዩ እኔ ነኝ፣ እኔም ምሬያለሁ። ለማኅበሩ አላሳየችም እንዳትል፣ አባል አይደለችም፤ ደንቡ የሚያስረው አባሉን ነው። ከፈለግህ አባል አድርጋት፤ የዓብዱ ቦታ ባዶ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አነሣ።  «ወደ ላይ ስሙ ለሌላ ሰው ተላልፏል፣ ክስ የሚያቀርብ ባለቤት የለም ብዬ እጽፋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰሊሃም በባሏ ቦታ ትገባለች። ግን ጋሽ ሸሪፍ... ይቅርታ፣ ጋሽ አብዱልሀሚድ፣ ማኅበሩ እኮ ዛሬ አንድ ሸማኔ አጣ።» ስብሰባው እንዳበቃ እስከ በር ድረስ ሸኘው። ያን ቀን ሰውዬውም ከጭንቀቱ ተገላግሎ እንቅልፍ ሳይተኛ አይቀርም።

ቀጥሎ የቀረው ገበያው ነው። አብዱልሀሚድ ሰሊሃን አስከትሎ ደብረ ብርሃን ወጣ። በድሮ ቦታው እሷን አስቀመጠና እሱ ከኋላዋ ተቀመጠ። «ሸሪፍ፣ ይህ ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ «ሸሪፍን ጠይቅ፣ ይህችውልህ» ይላል። ሳቁ፤ አንዳንዱም ትቶ ሄደ። ሰሊሃ አንገቷን ሰብራ ቀረች። ዘርአ ዳዊት መጥቶ ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።

«ሴት ሸሪፍ! እና አንተ ምኗ ነህ?»

«ዋሷ። ያን ያመሰገንከውን የሠራችው እሷ ናት። ቢበላሽብህ እኔን ያዘኝ።»

ዘርአ ዳዊት ሳቁን ዋጠ። አዲሱን ጋቢ ዳበሰ፤ ሴቲቱንም አየ፤ ያቺው ሎሚ ሻጭ ናት። «እንግዲያው እመት ሸሪፍ፣ ይህን ስጪኝ» ብሎ ጮኸ፤ ገበያው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰሊሃ እመት ሸሪፍ ተባለች።

አብዱልሀሚድ ቃሉን አከበረ። መወርወሪያ አልነካም። የሰሊሃን ጉድጓድ በቁመቷ ልክ አፈር ሞልቶ አስተካከለላት፤ እንጨቱንም ፈትቶ ጣለው። ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ቀሰም ያጠነጥንላታል፤ የልጆች ሥራ ነው፤ የመንደሩ ሰው «ጋሼ፣ ወደ ልጅነት ተመለሱ?» እያለ ይቀልድበታል። «ልጅነት መች ጠላሁ!» ይላል። ከውስጥ ግን ሽመናው ሲመታ በሰማ ቁጥር ቀኝ እጁ ሳያስበው ይወረወር ነበር፤ ኡሙሀኒ ይህን አይታ ፊቷን ታዞራለች።

ዓመቱ ሊዞር ጥቂት ሲቀረው ክረምቱ ገባ፤ የሰሊሃን ልጅ ወባ ያዛት። ሰሊሃ በአንድ እጇ ልጇን፣ በአንድ እጇ መወርወሪያውን ይዛ ጥቂት ጋቢዎች ጨረሰች፤ አንዱም ለዘርአ ዳዊት ተሸጠ። በሚቀጥለው ገበያ ልጅቱ ገና አላገገመችምና አብዱልሀሚድ ሌላውን ዕቃ ይዞ ብቻውን ወጣ። ገና ዘርግቶ ሳይጨርስ ዘርአ ዳዊት መጣ። ጋቢውን በሰው ፊት ወደ ሰማይ ዘረጋው፤ መሐሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«ይህ ነው ሸሪፍ?» አለ። «ሸሪፍ ሞቷል በሉኛ!»

ሰዉ ከበበ። ልጇ ታማባት ነው ቢል ያዝኑላት ነበር፤ ግን ያዘኑለት ሸማኔ ጋቢ አይገዛም። አብዱልሀሚድ ያን የሳሳ ጋቢ ተቀበለ። የሚተካ ጋቢ ሲፈልግ፣ የያዛቸው ሁሉ ልጅቱ በታመመችበት በክፉው ሰሞን የተሸመኑ ናቸው፤ አላመናቸውም። ከዚያ የገዛ ትከሻው ላይ ያለውን አወለቀ። ድሩን ከመቁረጡ በፊት በገዛ እጁ ሸምኖ ያስቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«ያዝ» አለው።

«ኧረ ተው ሰውዬ! በዚህ ብርድ? በሌላ ገበያ ትሰጠኛለህ!» ዘርአ ዳዊት አፈረ።

«ቃሌ የዛሬ ነው። ሸሪፍ አልሞተም በል።»

ዘርአ ዳዊት ጋቢውን ዳበሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አልሞተም» አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ ደገመው።

ሲመለስ የተሳፈረው በጭነት መኪና ላይ ነው። አንኮበር ጉሙ ወርዶ ካፊያው ይወርዳል። አጠገቡ የተቀመጠች መነኩሴ «ከረጢትዎ ውስጥ ጋቢ አይቻለሁ፣ ምነው አይለብሱትም?» አለችው። እሱ ግን የሳሳውን ጋቢ ይባስ ወደ ታች ጠቀጠቀው። አረንጓዴ ክር ያለበት መጥፎ ጋቢ በሰው ትከሻ ላይ እንዲታይ አልፈለገም። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቆ ከአንኮበር ቁልቁል በእግሩ ወረደ።

ሰሊሃ ልጇን ታቅፋ መንደሩ መግቢያ ላይ ጠበቀችው። ልጅቱ ትኩሳቱ ለቋት ዳቦ ትገምጣለች።

«አባባ፣ ጋቢዎ የታለ?» አለች ደንግጣ።

«ሞቆኝ አወለቅሁት» አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ሰሊሃ ከረጢቱን ተቀበለችው። ጫፉን ገልጣ የሳሳውን ጋቢ አየች። የራሷን ጋቢ አውልቃ አለበሰችውና እስከ ኡሙሀኒ ደጅ አደረሰችው። ከዚያ ቤቷ ገብታ ጉድጓዷ ውስጥ ወረደች። ሊያልቅ የቀረበ ጋቢ ተዘርግቶ ነበር፤ በዚያው በክፉው ሰሞን የጀመረችው። ማጉን አንድ በአንድ መዘዘችው፣ እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ፤ ድሩ ባዶውን ሲቀር እንደገና ጀመረች።